የምሥራቁ ግድግዳ ልስን

እዚህ ጀርመን አገር፣ ከአጥሬ ማዶ፣ ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት የጭቃ ቤት እየሠሩ ነው። ተፈጥሮን የማይጎዳ፣ በብርድ ጊዜ የሚሞቅ፣ በሙቀት ጊዜ የሚቀዘቅዝ ቤት ነው እያሉ ያስረዱኛል፤ እኔም እንደማያውቅ ሰው አዳምጣቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን የነከሩት ጭቃና ጭድ ቦክቶ ኖሮ፣ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ መጣና እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። የተሰማኝን ናፍቆት ልበለው ብል ውሸት ይሆንብኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በዚህ ዕድሜዬ በሰው ጭቃ ቀናሁ።

እኛ አዲስ አበባ፣ ልደታ ሰፈር ስናድግ፣ በደርግ ጊዜ፣ የጭቃ ቤት ይኖሩበታል እንጂ አይኩራሩበትም ነበር። ሲሚንቶ ለእኛ ቢጤ አይታሰብም፤ ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ክረምቱ ከሥሩ የሸረሸረውን መልሶ መምረግ ግን የእኛው ጣጣ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ልደታ ሲቃረብ የግቢው ሰው ተሰባስቦ ቀይ አፈር ይቆፍራል፣ ከመርካቶ በአህያ የመጣ የጤፍ ጭድ ይበትንበታል፣ እኛ ልጆች ቀሚሳችንን ሰብስበን እስከ ጉልበታችን እየገባን እንረግጠዋለን፤ ከዚያ ተሸፍኖ እስኪሸት ይቀመጣል። ያልቦካ ጭቃ የለጠፈ ሰው ግድግዳው እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቅና የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። አንድ የቀበሌ ሹም አብዮት አይጠብቅም ብሎ በማግስቱ አስለጠፈ፤ ጭቃው ግን አብዮቱን አልሰማም ነበርና በበዓሉ ዋዜማ ግማሹ ግድግዳ አልጋው ላይ ተኛ።

ምርጊቱን ወንዶች ይመርጋሉ፤ የመጨረሻው ልስን የሴት እጅ ነው፣ በሰፈራችን ደግሞ የእናቴን እጅ የሚተካከል አልነበረም። የተነፋ አፈር ከእበት ጋር ለውሳ መዳፏን ስታንሸራትተው ግድግዳው ቅቤ እንደተቀባ ፊት ወዝ ያወጣል። እኔ አንድ ሴት ልጇ ነኝና የእመቤታችን ሥዕል የሚሰቀልበትን የምሥራቁን ግድግዳ የምትሰጠኝን ዓመት ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ቁመቴ ትከሻዋ ጋ የደረሰ ዓመት እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። እናቴ ግን ከራሴ በላይ አሻግራ፣ ከአክስቷ ጋር ጎናችን የምትኖረውን እኩያዬን ዘነበችን አየች።

«ነይ እስቲ ዘነቡ፣ አንቺ ጀምሪው።»

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺ ውኃ አቀብይ። እጅሽ ይጣደፋል።»

ዘነበች እጅጌዋን እየጠቀለለች፣ «ሞልተሽ አምጪልኝ እሺ፣ የኔ እህት» አለችኝ። የኔ እህት! ባልዲውን እራሷ ላይ ያልደፋሁት ያን ዓመት ፋሲካ ዘግይቶ ገና ጾም ስለነበረ ብቻ ነው።

ግድግዳው አማረ። ሲጸልዩ ወደ ምሥራቅ መዞር ግድ ነውና ጠዋት ማታ ፊቴን ወደ ዘነበች የእጅ ሥራ አዙሬ እቆም ነበር፤ «ወደ ፈተና አታግባን» እያልኩ ዓይኔ ስንጥቅ ይፈልጋል። ያን ክረምት ሰማዩ ተቀዶ ዘነበ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው የእሷ ሆነ። ጎን ለጎን ቆመው ሲለስኑ እናቴ ለእኔ የማትነግረኝን ወሬ ትነግራታለች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሳሳቃሉ፤ እኔ ውኃ ይዤ ስገባ ዝም ይላሉ። ከልስኑ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው። ኋላ እኔ ለትምህርት ወጥቼ እዚሁ ቀረሁ። እናቴ ስታርፍም ከአጠገቧ የነበረችው ዘነበች ናት።

ትናንት ጎረቤቴ ልስን ልትጀምር ስትል ጠራችኝ፤ በአገራችሁ ትሠሩታላችሁ አሉ፣ ታውቂበታለሽ? አለችኝ። አዎን አልኳት። ቤት ገብቼ ግን፣ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ የአፈሩንና የእበቱን ልክ ልጠይቅ ለዘነበች ደወልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባሕር ተሻግረሽ ሄደሽ ጭቃ ልትለጥፊ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሷ ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሳቋ ሲበርድላት፣ «ይኸውልሽ፣ እዚህ ግድግዳው ሚስማር እንኳ አላስገባ ብሎኝ የእመቤታችንን ሥዕል ቁም ሣጥን ላይ አስደግፌ ነው የምጸልየው» አለችኝ። «ጭቃ ከነካሁ ዘመን የለኝም። ታድለሻል። እውነቴን ነው፣ ቀናሁብሽ።»

ይህችን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት በልጅነቴ ስለት እስከ መሳል ደርሼ ነበር። በነገረችኝ ልክ ለውሼ ልስኑን ያጋመስኩት አመሻሽ ላይ ነው፤ አማረ፣ ጎረቤቴም ባሏን ጠርታ አሳየችው። እኔ ግን እጄን እንዳራስኩ ቆሜ ቀረሁ፤ አይታ «ይህስ የልጄ እጅ ነው» ወይም «አፍርሺው» የምትለኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።