መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው ሰርግ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ፣ ሹም አቦ ሰፈር ስንደርስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ፊት ቆመች። መስታወቱ ውስጥ ከሳሙና ማስቀመጫ የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ተቀምጣለች። ከቴሌቪዥን ጋር ስትገናኝ ፊልም ከኢንተርኔት እያመጣች ሳሎናችሁን ሲኒማ ቤት ታደርጋለች፣ መብራትም አትበላም ይላል የተለጠፈው ወረቀት። «አባ፣ ይችን እንግዛ» አለችኝ። «አይሆንም» አልኋት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጠንክሮ ነበር መሰል፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ወጣት ቀና ብሎ አየኝ። ልጅቱ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ስለ መንገዱ መቆፈር ማውራት ጀመርሁ። ለእሷ መንገር አልቻልሁም። ለማያውቁኝ ሰዎች መናገር ይቀለኛል።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ከተቀጠርሁ ብዙ አልቆየሁም። ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔና አባባ ብቻ ነበርን። እናታችን የሞተችው እኔም እኅቴ ውባለምም ሕፃናት ሳለን ነው፤ አባባ ሌላ ሚስት ሳያገቡ፣ በሽመና ፋብሪካ እየሠሩ አሳደጉን። ጡረታ ሲወጡ ማሽኖቹ ጆሯቸውን ይዘውት ቀርተው ነበር። ስለዚህ በእኛ ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ «ጨው አቀብለኝ» እንኳ የሚባለው ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ነው። ግቢው ደግሞ ተደርድረው የተሠሩ የኪራይ ቤቶች ያሉበት ስለሆነ፣ የምንበላውን ብቻ ሳይሆን የምናስበውንም ጎረቤት ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። አባባን ይህ አያሳፍራቸውም። «የሚደበቅ ምን አለንና ነው?» ይሉ ነበር።

ውባለም አዲስ አበባ ነበረች። ለትምህርት ሄዳ ያረፈችው አጎታችን ዘውዱ ቤት ነው። ዘውዱ የአባባ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከትውልድ ቀያቸው ከአንበሳሜ አምጥተው፣ ከደመወዛቸው ላይ እያነሡ ደብተርም ጫማም ገዝተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ በንግድ ተነሣ፤ ቤትም መኪናም አበጀ፤ ልጅ ግን አልወለደም። ውባለም ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትይዝም ከእሱ ቤት አልወጣችም። በዓመት በዓል ትደውላለች። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ምንም ሳይሰሙ «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ሲሉ ይቆዩና ለእኔ ይሰጡኛል። «ምን አለች?» ይሉኛል። እኔ ያለችውን ሁሉ እየጮኽሁ እደግምላቸዋለሁ። ጆሯቸው እኔ ነበርሁ።

ጥር ሲገባ ደወለችና ልታገባ መሆኗን ነገረችኝ። «ሰርግ ብለን አንጨናነቅም» አለች። «ማዘጋጃ ቤት እንፈርማለን፣ ከጥቂት ሰው ጋር ምሳ እንበላለን፣ በቃ። አባባ በዚያ ጉልበታቸው መንገድ አይንገላቱ። ለመልስ እኛው እንመጣለን በላቸው።» እየጮኽሁ ነገርኋቸው። አባባ ወደ ሣጥናቸው አዩ። ለልጃቸው ሰርግ ብለው ያሠሩት ጋቢ ገና ሳይለበስ ሣጥን ውስጥ ነበር። ዕድሜያቸውን የፋብሪካ ጨርቅ ሲያወጡ ኖረው፣ ለዚያ ቀን የመረጡት በእጅ የተፈተለውን ነው። «ልክ ናት» አሉ ኋላ። «ወጪ ምን ያደርጋል? ጉልበቴንም ለመልሱ ስትመጣ ትስመኛለች።»

ነገሩን እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት! ግን ሙሽራው ውጭ አገር ብዙ ዘመድ ነበረውና፣ እኅቱ «ሥነ ሥርዓቱ በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል» ብላ መለጠፏን አየሁ። ደስ አለኝ። አባባ ጆሮ ቢያጡ ዓይን አላቸው፤ ልጃቸው ስትፈርም ያዩዋታል። ለውባለም አልነገርኋትም፤ ሲያልቅ ደውዬ «አየንሽ!» ብዬ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። እሷም የእኛን አሮጌ ቴሌቪዥን ታውቀዋለችና እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አልጠረጠረችም።

ልጄ የጠየቀችኝን የመሰለችውን ሳጥን ያገኘኋት ከሥራ ቦታዬ ነው። ያኔ በከተማችን ብርቅ ነበረች፤ ዕቃም የሚሸጠው የጥገና ቤቱ ባለቤት አስመጥቶ የሚገዛ ስላጣላት በውሰት ሰጠኝ። ኮምፒውተር ናት፤ ግን መዳፍ ላይ ታርፋለች፣ ማራገቢያ የላትም፣ ድምፅ የላትም፣ የምትፈጀው ኃይል ከአንድ አምፖል ያነሰ ነው። የማረከኝ ይኸ ነበር። ዓባይ ከደጃችን ተነሥቶ ሲሄድ እያየን እኛ ሻማ የምንገዛ ሰዎች ነን። በሰርጉ ቀን መብራት ቢጠፋስ? እኔ እንዲህ በቀላሉ የምሸነፍ አልነበርሁም። ለገጠር ከሶላር ጋር የሚሸጠውን በባትሪ የሚሠራ ቴሌቪዥን ከዚያው ከሱቁ ተዋስሁ፤ የመኪና ባትሪ አመጣሁ፤ ሳጥኗንም፣ ሞደሙንም፣ ድምፅ ማጉያውንም ከባትሪው ጋር አያያዝሁ። ሞደሙን መስኮቱ ላይ በድስት ክዳን ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ኔትወርክ ይጨምራል ይባል ነበር። ምስሉ እንዳይቆራረጥ ሳጥኗ ቀደም ብላ እያጠራቀመች እንድታሳይ አደረግኋት። በሙከራው ቀን አባባ ከኋላዬ ቆመው «ይች ናት ውባለምን የምታመጣት?» አሉ። በጣታቸው ነካ አድርገዋት «አትሞቅም እኮ!» ብለው ተገረሙ። ማሽን ሲባል እሳቸው የሚያውቁት የሚሞቅና የሚጮኽ ነው።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት በእሑድ ይከፈታል ወይ ብዬ እንኳ አላሰብሁም። አባባ ቅዳሴ እንደወጡ ዓሣ እንግዛ ብለው ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። በጥር የጣና ነፋስ በጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፤ ታንኳዎቹ ገና እየገቡ ነበር። ዓሣ ሻጮቹ ዋጋ ሳይጠሩ አባባ ጮኹ፤ «ልጄን እየዳርሁ ነው! ደህና ደህናውን ምረጡልኝ!» የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ሳቀ፣ እንኳን ደስ አለዎት አላቸው፤ አንዱ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ትልልቅ ቆረሶ ዓሣ መርቆ ጨመረላቸው። ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ፣ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም፣ ልጃቸውን እየዳሩ መሆናቸውን ነገሩ። እኔ ያን ጊዜ ትንሽ አፍሬ ነበር። ዛሬ ያ መንገድ ባያልቅ እመኛለሁ።

ከቀትር በፊት ቤቱ ሞላ። አባባ አዲሱን ጋቢ ለብሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። የፋብሪካ ጓደኛቸው ጋሽ ደምሴ መጥተዋል፤ የእሳቸውም ጆሮ እንደ አባባ ስለሆነ ሁለቱ ሲያወሩ የተጣሉ ይመስላሉ። ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ ጠላ ጠምቀዋል፤ ዓሣውም ተጠብሶ በሚጥሚጣና በሎሚ ቀርቧል። እስከ ዛሬ የተጠበሰ ዓሣ ሲሸተኝ ያ ቤት ይመጣብኛል። ዓሣ መብላት ግን አልተውሁም፤ ባሕር ዳር እየኖሩ እንዴት ይተዋል?

ሥርጭቱ ሲጀምር የታየው ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ጣራው በመጋረጃ የተሸፈነ፣ ጠረጴዛው ሁሉ አበባ፣ ሰው ከዳር እስከ ዳር የሞላበት። «ይኸ ነው ጥቂት ሰው?» አሉ ጋሽ ደምሴ እየጮኹ። አባባም ጮኹ፤ «የሙሽራው ወገን ይሆናላ! ያልፈለገችውን ነው ያደረጉባት!» ከዚያ ውባለም ገባች። አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እሷው ራሷ በበሩ የገባች ያህል ቆመው ቀሩ። «እናቷን» አሉ፤ «ቁርጥ እናቷን።» ሴቶቹ እልል አሉ። ልሸሽገው አልችልም፣ በዚያች ሰዓት ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አልነበረም።

መብራት የጠፋው ያን ጊዜ ነው። የጎረቤት ሙዚቃ ዝም አለ፣ የእትየ ጥሩወርቅ ማቀዝቀዣ ተንቀጥቅጦ ቆመ፣ እንግዶቹ ባንድ አፍ «ውይ!» አሉ። የእኛ ቴሌቪዥን ግን አልጠፋም፤ ውባለም ምንጣፉ ላይ መራመዷን ቀጠለች። «ኧረ ይበልጣል፣ እጅህ ይባረክ!» አሉ እትየ ጥሩወርቅ በስሜ ጠርተውኝ፤ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ያን ጭብጨባ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ከሰፈሩ ሁሉ የጠፋው መብራት የእኛንም ይዞት በሄደ እላለሁ።

መድረክ መሪው ማይክራፎኑን አነሣ። መድረኩ ላይ ሁለት ትልልቅ ወንበሮች አሉ፤ በአንዱ ባለጥልፍ ካባ የለበሰ ዘውዱ ተቀምጧል፣ በሌላው ሚስቱ። «አሁን ደግሞ» አለ ሰውየው፣ «ሙሽሪት የወላጅ አባቷንና የወላጅ እናቷን ጉልበት ትስማለች!» የጎረቤት ሙዚቃ በመቆሙ ቃሉ ጥርት ብሎ ቤታችንን ሞላው። ውባለም ቬሏን ሰብስባ ተንበረከከች። የዘውዱን አንድ ጉልበት ሳመች፣ ሌላውንም ሳመች። እሱ ግንባሯን ስሞ እንባውን በመሀረብ ጠረገ። የምሩን ነበር የሚያለቅሰው፤ ከሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው።

የሚሰማ ጆሮ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ?»

ለእሳቸው ቀስ ብሎ መናገር አይቻልም። እውነቱንም ብናገር፣ ውሸቱንም ብናገር፣ የምናገረው ለግቢው ሁሉ ነው። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ባለኝ ድምፅ ጮኽሁ፤ «አጎቴ እርስዎን ወክሎ ነው አለ! በእርስዎ ፈንታ ሆኖ ነው የሚሳመው አለ!»

አባባ አዩኝ። ወንድማቸውን የወከሉበት ቀን እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን ደግመው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩና እንደ ልማዳቸው ጮኹ። «አዎ! እኔ ነኝ የወከልሁት! መንገዱ ለኔ ጉልበት አይሆንም ብየ፣ ዘውዱ ቁምልኝ አልሁት!»

«ደግ አደረጉ» አሉ እትየ ጥሩወርቅ። «ወንድም ነው እኮ፣ ማን ይቁምልዎት?» ከዚያም እልል አሉ፤ ብቻቸውን።

ባትሪው ደክሟል ብዬ ልዘጋ እጄን ወደ ሳጥኗ ሰደድሁ። «ተው» አሉኝ አባባ። «አትዝጋው። ልያት።» አዩዋት። ኬክ ስትቆርስ አዩዋት፣ ስትጨፍር አዩዋት፣ ከዘውዱ ጋር ፎቶ ስትነሣ አዩዋት። እንግዶቹ እየተሰናበቱ አንድ በአንድ ወጡ፤ ዓሣው ቀዘቀዘ። እኔ ባትሪው እንዲያልቅ እለምን ነበር። ቀኑን ሙሉ ብትሠራ አይደክማትም ብዬ የኮራሁባት ሳጥን እውነትም አልደከማትም፤ ሥርጭቱ በራሱ ጊዜ እስኪያበቃ ድረስ አሳየችን። በማግስቱ ለባለቤቷ መለስኋት፤ እንደዚያ ያለ ዕቃም ቤቴ ዳግም አልገባም። አባባ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ለውባለም «አየንሽ» ብዬ ልደውል ያሰብሁትን ተውሁት። ጋቢውን አጣጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ መለሱት።

ለመልስ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካም ዋለ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ውባለም ብቻዋን መጣች፤ ባሏን ሥራ በዝቶበት ነው አለች። ጎረቤቶቻችን እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት መጥተው፣ እነዚያው ሰዎች በእነዚያው ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። አባባ «ሰርግሽ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቋት። ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ሊያጠምዷት ፈልገው አይደለም። እውነቱን እንድትነግራቸው በር እየከፈቱላት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውባለም ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። እሷም እንደ እኔ መጮኽ ነበረባት። «ትንሽ ነበር አባባ! ፊርማ ብቻ! እርስዎ የሌሉበት ምን ሰርግ ይባላል!»

ግቢው ሁሉ ሰማ። እትየ ጥሩወርቅ ብርጭቋቸው ውስጥ ያለውን ጠላ ያዩ ጀመር። ማንም «አይተንሻል» አላላትም፤ ያን ዝምታ ለማን ብለው እንደጠበቁት አውቃለሁ፣ ለእሷ አልነበረም። «ጥሩ ነው» አሉ አባባ። «ትንሽ ይሻላል።» ከዚያ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቸኩላ፣ ቀሚሷ ወለሉን እንዳይነካ በአንድ እጇ ሰብስባ። አባባ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ለዓመታት ያዘጋጁትን ምርቃት አንድም ሳያስቀሩ፣ በዚያ ድምፃቸው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ጨረሱት።

አባባ ከሞቱ ቆይተዋል። ውባለም ለምን እንዲያ እንዳደረገች አይጠፋኝም። በዚያ አዳራሽ መካከል እየጮኹ የሚያወሩ የፋብሪካ ጡረተኛ ይዛ መቆም አፈረች። የባሏ ቤተሰቦች የዘውዱ ልጅ ናት ብለው ሲያስቡ አላረመቻቸውም፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋት። ሰው እንዲህ ይሆናል። ምክንያቱን ማወቅ ንዴትን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች ግን ምን ገጥሟቸው እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔን አላበረደውም። ያሳፈራት ጩኸት እሷን ለማስተማር ሲባል የተገኘ ነው። ለጆሯቸው መታከሚያ አስበውት የነበረው ገንዘብ ሁሉ ደብተርና የመንገድ ስንቅ ሆኖ ከእሷ ጋር አዲስ አበባ ገብቷል።

በቀደም ደወለችልኝ። ስለ አባባ ሙት ዓመት ስንነጋገር ቆይተን ድምፅዋ ተለወጠ። «አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ» አለችኝ። «አባባ በእኔ ምንም ሳይከፋቸው ሄዱ።»

«አዎ» አልኋት። አባባ ቢኖሩ እንዲህ በላት እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። ከዚያ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ እኔም ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፤ ለበዓል እንገናኝ ተባባልን። አባባ መርቀዋት ሄደዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልታረቅኋትም፤ እሷም መጣላታችንን አታውቅም።