የፖስታው ፉርጎ

ናይሮቢ ባቡር ጣቢያ ቆሜ የጋለ ብረትና የዘይት ሽታ ሲመጣብኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ በወጣትነቱ በድሬዳዋው ባቡር የፖስታ ፉርጎ ውስጥ ይሠራ ነበር። ባቡሩ እየሄደ፣ እሱ እየተወዛወዘ ቆሞ ደብዳቤውን በየከተማው ይለይና ጣቢያ ሲደርስ ጆንያውን ያወርዳል። መንግሥት ሲለወጥ ተሰደደ። ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ከርሞ፣ በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ ገባ፤ እኔን እዚያው ማንያታ በሚሉት ሰፈር ወለደኝ፤ ሽንኩርት እየሸጠም አሳደገኝ። ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ ባቡር በድሬዳዋ በኩል ሊያልፍ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ግን፣ "ሥራውን የምናውቀው እኛ ነን፤ ይጠሩኛል" ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ ጨርቅ የሚያመጡ ሐጂ ደጃፋችን አረፍ አሉ። አባቴ ሚዛኑን አስቀመጠና፣ "ሐጂ፣ አዲሱ ባቡር የፖስታ ፉርጎ አለው?" አላቸው።

"በሞባይል ዘመን ደብዳቤ ማን ይጽፋል ብለህ ነው? የእናንተም ፉርጎ በሩ ወልቆ ፍየሎች ያድሩበታል።"

አባቴ ሳቀ። ሳቁ አስፈራኝ።

"ፍየሎቹ ከእኔ ተሻሉ" አለ። "እነሱ አገራቸው ናቸው።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ባቡር አንስቶ አያውቅም። ሞያሌ ቀበርነው።

አሁን "ተሳፈሩ" ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ባቡሩ ተጣደፈ። እኔ ግን ሳልሳፈር፣ የፖስታ ፉርጎ ይኖረው እንደሆን እያየሁ በባቡሩ ጎን እስከ መጨረሻው ሄድኩ።