ጠበል አልጠጣ ያለው ጤና አዳም

አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበረኝ፤ ውሃ ከላይ ከገባ ተክሉ ጠጥቷል፣ ከታች ከወጣ ደግሞ ጠግቧል። ይህን እምነቴን ያፈረሰው አንድ የዘይት ጣሳ ነው።

ጣሳው የአክስቴ ነው። አክስቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሻይ ቤት አላት፤ እኔም እሷ ዘንድ ሆኜ ነው የምማረው። ጣሳው ውስጥ ጤና አዳም ተክላለች። ጓሮ የነበሩትን ውርጭ አቃጥሏቸው የተረፈው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሲመሽ እንደ ጥጃ ወደ ቤት ይገባል። አፈሩን የቀመመችው ራሷ ናት፤ የደረቀ የበግ በጠጥ አድቅቃ፣ ገለባና ትንሽ አፈር ጨምራበት። ደንበኞቿ ቅጠሉ ስኒያቸው ውስጥ ካልገባ ቡናው ቡና አይመስላቸውም።

ልጇ ደብረ ብርሃን ወልዳ ልታርሳት ስትሄድ ጣሳውን በሁለት እጇ አስረከበችኝ።

«ቤቱን ብታቃጥዪ ሌላ እከራያለሁ» አለች። «ይሄን ብታደርቂ ግን ዓይንሽን እንዳላየው።»

እየቀለደች አልነበረም።

እኔ ደግሞ ፈተና ነበረብኝ። ብርድ እንዳይመታው ብዬ ጣሳውን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩና ረሳሁት። ከሳምንት በላይ ቆይቼ ሳየው ቅጠሉ አንገቱን ደፍቷል። አፈሩም ተኮማትሮ ከጣሳው ግድግዳ ተላቋል፤ በመሃላቸው ጣቴ ይገባል። አንድ ጆግ ውሃ ገለበጥኩበት። ውሃው አፈሩ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባለለ፣ በጎን ሾለከ፣ ከታች ባለው ቀዳዳ ወጥቶ ካልሲዬን አራሰው። ጠገበ አልኩ። በማግስቱ ይብሱን ጠወለገ። ውሃውን ደገምኩ፤ ካልሲዬም ደገመ። ጣሳውን ሳነሳው ግን ከደብተሬ ይቀላል።

ጎረቤታችን እማማ መጥተው አዩት። እማማ ለራስ ምታትም ለጠፋ ዶሮም ጠበል የሚያዙ ሴት ናቸው። ሰይጣን ያርቃል የሚባለውን ተክል ራሱን ሰይጣን እንደያዘው በአንድ እይታ ወሰኑ። ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ። ጠበሉ ወርዶ እንዳይረገጥ ጣሳውን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አንጠልጥዬ ያዝኩላቸው። በስመ አብ ብለው አፈሰሱ። ጠበሉ ተንደርድሮ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ከሳህኑ ቀድተው ደገሙት፤ ያው ወረደ። በሦስተኛው እማማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና፣ ይሄ ከእሳቸው አቅም በላይ እንደሆነ፣ ቄስ እንደሚያስፈልገው ነገሩኝ። የቀረውን ጠበል መድፋት ነውር ነው ብለው ፊቴን አጠቡበት። ቀኑን ሙሉ በግ በግ ስሸት ዋልኩ።

ጠበሉ ከፈሰሰ በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከሚኒባስ ወረደች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጣሳውን አየች። እኔ ወዲያው ማልቀስ ጀመርኩና፣ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የሰይጣን መሆኑን፣ ተክሉ ጠበል ሦስት ጊዜ እምቢ ማለቱን፣ እማማም ምስክሬ መሆናቸውን ዘረዘርኩ።

አክስቴ ጓዳ ገብታ በሶ በሳህን ይዛ መጣችና ውሃ ቸለሰችበት። ላዩ ረጠበ። በማንኪያ ስትገልጠው ከውስጡ ደረቅ ዱቄት ቦነነ።

«ይሄንንስ ማን ያዘው?» አለችኝ።

የመንዝ ልጅ ሆኜ በሶ እንዴት እንደሚጨበጥ ይጠፋኛል? ጠብ እያደረጉ፣ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። አፈርም በሶ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።

ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞላችና ጣሳውን እስከ ወገቡ ነከረችው። ከላይም በጣቷ ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር። ጣሳው አረፋ ተፋ። አረፋው እስኪያቆም አጠገቡ ተቀመጥን፤ ተክል ሲያገሳ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስናወጣው እንደ ጠገበ ሕፃን ከብዷል።

«ጠበሉም እኮ ያድነው ነበር፣ ጣሳውን ሳህኑ ውስጥ ብትተዉት» አለች። «ችኩሎች።»

አራት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ጣሳውን ሆነ። ግማሹ ቅርንጫፍ ደርቆ ተቆረጠ። በአራተኛው ቀን ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች ቀና አሉ። እማማ ቅጠሉን ስኒያቸው ውስጥ ነክረው፣ ሰይጣኑ ውሎ አድሮ እንደሚለቅ ድሮም ያውቁ እንደነበር ነገሩን። አክስቴም እኔም አልተከራከርናቸውም።

ለልጇ ሕፃን ክርስትና ስትሄድ አክስቴ ጣሳውን ለእማማ ትሰጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ለእኔው አስረከበችኝ፣ በአንድ እጇ። በሌላው ሳፋውን አቀበለችኝ።