ለፋሲካ የተመረገ ግድግዳ

መምህር ትዕዛዙ ደብረ ማርቆስ ላይ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲያስረዱ መሣሪያ አያነሱም። «ቤቱንና ዕቃውን ጠይቁ፤ ይነግራችኋል» ይሉን ነበር። የተሰቀለ ቅል ከተወዛወዘ የመንቀጥቀጡ ጉልበት ሦስት ነው፤ ሳህን ከተንኳኳ አራት፤ ምርጊት ከተሰነጠቀ ስድስት፤ ስንጥቁ እጅ ካስገባ ሰባት። ይህ መለኪያ የተጻፈባትን፣ ጠርዟ የተበላ መጽሐፋቸውን ጡረታ ወጥተውም አልጣሏት።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሰኞ ረፋድ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠች። ቅዳሜ፣ መምህር ደብተራቸውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ወደ ትውልድ ቀያቸው ወረዱ። አሥራ ሦስት ቤት ጠየቁ፤ ግድግዳውን ሁሉ ደኅና ሆኖ አገኙት። አሥራ ሦስት ጊዜ «አራት» ብለው ጻፉ።

አሥራ አራተኛው የእመት ሽታዬ ቤት ነው። ልጃቸው ወንጌላዊት የአሥር ቀን አራስ ናት፤ የተኛችው ከጓዳው ግድግዳ ሥር ነው።

«ምን ጎዳችሁ፣ እመት ሽታዬ?»

«ምንም! ሳህኑ ተንጫጫ፣ እኔም አብሬው ተንጫጫሁ» ብለው ሳቁ።

«ግድግዳውስ?»

«ይኸው አያዩትም? ሙሽራ መስሏል!»

መምህር ሊጽፉ እርሳሳቸውን አነሱና፣ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ርጥብ ነው።

«መቼ መረጋችሁት?»

«ማክሰኞ ነዋ። ለፋሲካ የማይመርግ አለ? ደሞ መምህር ይመጣሉ ሲባል፣ ጎኑ የተቀደደ ቤት ላሳይዎ ኖሯል?»

«ተቀዶ ነበር?»

እመት ሽታዬ መሬት መሬት አዩ። አራሷ ከመኝታዋ ሆና፣ «እጄ ይገባ ነበር፣ ጋሼ» አለች።

መምህር ጭቃውን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከጣሪያው ሥር እስከ አራሷ ራስጌ የወረደ ስንጥቅ ወጣ፤ በስንጥቁ የደጁ ብርሃን ይታያል።

«አሁኑኑ ትውጣ!»

«አራስ? ከነጨቅላዋ? ምች ይምታብኝ እንዴ?»

«ምቹን በጋቢ እንከልለዋለን፣ እመት ሽታዬ። ግድግዳውን በምን እንከልለው?»

እመት ሽታዬ ስንጥቁን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጃቸው ላይ ደረቡ። ጎረቤት ተጠርቶ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ እናትና ልጅ እዚያ ገቡ።

መምህር «ሰባት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገልጠው አሥራ ሦስቱን «አራት» በጣታቸው ቆጠሩ። የአሥራ ሦስቱም ቤት ግድግዳ አዲስና ለስላሳ ነበር፤ በየደጁ «እሰይ፣ አማረባችሁ» እያሉ ነው ያለፉት።

«አንዱንም በእጄ አልነካሁም» አሉኝ።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። መምህር ደብተሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ወደ መጀመሪያው ቤት በሩጫ ያህል ተመለሱ።