ሁለት ጣት የሰፋ አንገት

ሁለቱ እህትማማቾች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠሩት አንድ የእጅ ሹራብ ማምረቻ ውስጥ ነው። ታላቂቱ እጅጌ ብቻ ትሠራ ነበር፤ ታናሺቱ አንገት ብቻ። የቤቱ ደንብ እንዲያ ነበር፤ እጅጌ የያዘ እጅጌውን፣ ደረት የያዘ ደረቱን ይሠራል እንጂ አንዱ የሌላውን አይነካም። ባልደረቦቻቸው ታላቂቱን «እጅጌ»፣ ታናሺቱን «ኮሌታ» አሏቸው፤ ስሙም ጡረታ ከወጡ በኋላ ተከትሏቸው ሰፈር ገባ።

የሚኖሩት ከነጓዳዋ በተከራዩዋት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስተኛው ነዋሪ ዳኛው የተባለ ሽማግሌ ውሻ ነው። ሁለቱ ሲነታረኩ መሀል ቁጭ ብሎ አንዴ ይህቺን አንዴ ያቺን በጥሞና ስለሚያይ ስሙን ያወጣችለት ኮሌታ ናት። የተኮሳተረ ፊቱን ላየው ግን ፍርድ የሚሰጥ ሳይሆን ቀጠሮ የሚያራዝም ነው የሚመስለው።

በመጀመሪያው ዝናብ እጅጌ ውሻው እንደ ስፌት መኪና ሲንቀጠቀጥ አየችውና አንጀቷን በላው። ሹራብ ልሥራለት ብላ ተነሣች። ጀርባውን በስንዝር፣ እግሩን በጣት ለካች። ኮሌታ ለጡረተኛ ውሻ ሹራብ ሲሠራ አይታ አታውቅም፤ ከሳቋ ብዛት ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። እጅጌ ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻት። ደረቱን እንደምንም ትሞክረዋለች፤ አንገቱን ግን በደንቡ መሠረት ለእህቷ ተወችላት።

ደረቱ ሳይገባደድ እጅጌን ሳል ጣላትና ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኛች። ስትመለስ ዳኛው የለም። ኮሌታ በር ላይ አቅፋ ይዛት፣ ገመዱን በጥሶ ጠፋ ብላ ነገረቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ኮሌታ እሑድ እሑድ ልፈልገው ብላ ትወጣ ጀመር። እጅጌ ጉልበቷ ገና ስላልጠና አብራት መሄድ አልቻለችም። ካገኘሽው ርቦት ይሆናል እያለች ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ታስይዛትና ቀኑን ሙሉ በሩን እያየች ሹራቧን ስትሠራ ትውላለች። አመሻሽ ላይ ኮሌታ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ትመለሳለች፤ ዳቦው የለም፤ መንገድ ላይ ላገኘኋቸው ውሾች ሰጠሁት ትላለች። እጅጌ ውሃ አሙቃ የእህቷን እግር ታጥባለች። ለጎረቤቱም ሁሉ እህት ማለት ይህቺ ናት እያለች ታወራለች።

በሁለተኛው ወር ከአንገቱ በቀር ሹራቡ አለቀ። እጅጌ ክሩን ለኮሌታ ሰጠቻት። ኮሌታም ተቀብላ በቀጣዩ ሰኞ አንገቱን ሠርታ አስረከበቻት። እጅጌ ከደረቱ ጋር ልታጋጥመው ብትሞክር አልገጥም አላት። ሁለት ጣት ይሰፋል። ፈታ አድርጋ ሞከረችው፤ ያው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስታ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። እጅጌ ግን ታውቃታለች፤ ኮሌታ አንገት አትስትም። ማምረቻው ውስጥ የአንዱን ክር የሌላውን ጫፍ እየመረመረ ሰው የሚያስለቅሰው ተቆጣጣሪ እንኳ የእሷን ሥራ ሳይለካ ነበር የሚያሳልፈው። ይህን አንገት ልክ ወስዳ ነው የሠራችው። ልኩን የወሰደችውም ከወፈረ ውሻ ነው።

ጓዳ ገባች። ኮሌታ ሳህን እያጠበች ነበር።

«የት ነው ያለው?»

«ማን?»

«አንገቱን የለካሽው።»

ኮሌታ ሳህኑን አስቀመጠች። አልካደችም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ የውሻ ፀጉር ለእህትሽ ሳንባ አይሆንም እንዳላት፣ እሷም ያኔውኑ ውሻውን ለአንድ አናጢ ወስዳ እንደ ሰጠችው፣ ብትነግራት እንደማትሰማት ፈርታ ዝም እንዳለች፣ ሁሉንም ተናገረች። አንገቱን በድሮው ልክ ልሠራው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ አለች። እጅጌ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ካፖርቷን ለበሰች፤ ኮሌታ እየመራቻት ወጡ።

የአናጢው ግቢ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። በሩ ሲከፈት ዳኛው ከሳንቃ ክምር ሥር ተነሣ፤ ጎኑ ሞልቷል። ጅራቱን እየቆላ ሲሮጥ እጅጌ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችለት። ውሻው አልፏት ሄዶ ኮሌታ ላይ ተንጠለጠለና አፍንጫውን ኪሷ ውስጥ ከተተ።

የአናጢው ሚስት ሳቀች። ዛሬ እሑድ አይደለም፣ ምን እግር ጣለሽ፣ ዳቦውንስ የት ጣልሽው ብላ ኮሌታን ጠየቀቻት። ከዚያ የሁለቱን ፊት አየችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች።

እጅጌ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«የሰጠሽው ለኔ ብለሽ ነው፤ እሱስ ይሁን። ብትነግሪኝ አልቅሼም ቢሆን ራሴው አመጣው ነበር። ግን እኔ በር በሩን ሳይ ስውል፣ አንቺ እዚህ ከሱ ጋር ስትጫወቺ ነበር?»

«እታለም፣ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ...»

«እግርሽን አጥቤልሻለሁ እኮ።»

ኮሌታ ዳኛውን ከላይዋ አወረደችው።

ዳኛው በመጨረሻ ወደ እጅጌ ዞረ። የካፖርቷን ጫፍ አሸተተ፣ እንደገና አሸተተና እያለቃቀሰ እግሯ ሥር ተጋደመ። እሷም ሳንቃው ላይ ተቀመጠች። ፀጉሩ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቷል፤ አንድ በአንድ ትለቅምለት ጀመር። ሳሏ ሲመጣባት ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች።

ኮሌታ ቆይታ ቆይታ፣ እንሂድ፣ ብርድ ይመታሻል አለቻት።

«ሂጂ» አለች እጅጌ፣ ቀና ሳትል። «እሱ እዚሁ ይቆያል፤ እዚህ ተመችቶታል። ወደ ቤት የሚመልሰውን መንገድ ብቻዬንም አላጣውም።»

ኮሌታ እስከ በሩ ሄደች። መዝጊያውን ይዛ ብዙ ቆመች። ማንም ግን ተመለሺ አላላትም።