ለእቴቴ ልጅ ስንለምን

ዓረብ አገር ለመሄድ ስነሳ ሐይቅ ከተማ ያለች ሴት ሁሉ መካሪዬ ሆነች። ፓስፖርትሽን ደብቂ፣ ማዳም ስትቆጣ አንገትሽን ድፊ፣ ደግሞ መርፌውን ሳትወጊ እንዳትሳፈሪ። መርፌው ለሦስት ወር እርግዝና የሚከላከለው ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ የሚናገር የለም፤ ሰው ቤት የምታድር ልጅ ምን እንደሚገጥማት አይታወቅም፣ በቃ። እኔም ወንድ እጄን እንኳ ሳይነካኝ ተወጋሁ። ቪዛው በዘገየ ቁጥር ደገምኩት።

ከዚያ በኋላ የወር አበባዬ ጠፋ። ዓረብ አገር ሳለሁ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ሥራው ያደክማልና ብዙም አላሰብኩበትም፤ ማሰብ የጀመርኩት ተመልሼ ነው።

የተመለስኩት ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው። ሬዲዮው ሁሉ የሚያወራው ስለ ነገ ነበር። እኔ ግን የኔ ነገ ሆዴ ውስጥ የደረቀ እየመሰለኝ እጨነቅ ነበር። እንደኔ የተመለሱት ጓደኞቼም ከኔ አይሻሉም። ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጠብሰን ስንቀመጥ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ማህፀን ነው። አንዷ የበረኪናው ሽታ ነው የሚያበላሸው ትላለች፤ ሌላዋ ስንተኩስ የምንውልበት የካውያ ሙቀት ነው ትላለች። መርፌው ግን ሁላችንንም ያስማማል። እየሳቅን ነበር የምናወራው፤ ፍርሃቱ ግን ከሳቁ ይበልጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ብጠይቃት መርፌው ያዘገያል እንጂ አያስቀርም አለችኝ። አመንኳት፣ ከበሩ እስክወጣ ድረስ።

በዚህ መሃል ታጨሁ። እጮኛዬ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ረጋ ያለ፣ መንገድ ላይ ላገኛት ዶሮ እንኳ የሚቆም ሰው። ስለ መርፌው ነገርኩት። ዳር ይዞ አቆመና፣ ልጅ የአላህ ስጦታ ነው፣ አብሽሪ አለኝ። ሞተሩን ለማስነሳት ግን ቆየ። ያችን ቆይታ ቤቴ ድረስ ይዣት ገባሁ።

ከእሱ ቀጥሎ የነገርኩት ለእቴቴ ነው። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። በወጣትነቷ ባሏ አልወለድሽልኝም ብሎ ሌላ ሲያገባባት ጓዟን ይዛ እኛ ግቢ ገባች፤ እዚያው ቀረች። አፏ አያርፍም፣ የምትተርበው አታጣም። በመንደራችን ሴት ስትወልድ ገንፎ የምታገነፋው፣ አራሷን የምታጥበው፣ ሕፃኑን የምታቅፈው እሷ ናት። ስለራሷ መውለድ አለመውለድ ግን እሷም አታነሳም፣ እኛም አናነሳም። ለዚህ ነው እሷ ዘንድ ይህን ወሬ ይዤ መሄድ የከበደኝ። ሰምታ ስትጨርስ ግን አልተከፋችም። ሐሙስ ወዳጃ አለ፣ ትመጫለሽ አለችኝ።

ወዳጃ ትልልቆቹ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። ሐጃ ያላት፣ ማለት ልመና ያላት፣ በራሷ አንደበት ትናገራለች፤ ሌሎቹ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይሉላታል። በሆድ የያዙት ሐጃ አሚን አይባልለትም። እኔ ደግሞ ኒካ ያልታሰረልኝ ልጅ ነኝ። በእነዚያ ሁሉ እናቶች ፊት ልጅ ለምኑልኝ ብል አገር ምን ይላል? ብሞት ይሻለኛል አልኳት።

«አንቺ ዝም ብለሽ አጠገቤ ተቀመጪ» አለችኝ። «አሚን ማለት ብቻ እንዳትረሺ።»

ሐሙስ ዕለት አንዷ ልጇ በሰላም እንዲመለስላት ለመነች፤ አንዷ ለእግሯ ቁርጥማት፣ አንዷ ላማረረቻት ምራቷ ልብ እንዲሰጣት። ተራው እቴቴ ጋ ደረሰ። ነጠላዋን አስተካክላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«የኔ ሐጃ ልጅ ነው» አለች። «ልጅ እፈልጋለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ስድሳን ያለፈች ሴት ናት! ከጥግ አንዷ «ተማን?» ብላ ጠየቀች። እቴቴም ፊቷ ሳይፈታ ባሉንም አብራችሁ ለምኑልኝ ብላ መለሰች፤ ይሄኔ ዱዓውን የሚመሩት እናት ራሳቸው በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ። በኋላ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን። ሐጃ ሐጃ ነው፣ አይሳቅበትም አሉ፤ ለዘከርያ በእርጅናው ልጅ የሰጠ ጌታ ምን ይሳነዋል? መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳቄም እንባዬም እየመጣ፣ ለኔ ስትይ መሳቂያ ሆንሽ አልኳት። መንገዱ መሃል ቆመች።

«ላንቺ ስል ብቻ መሰለሽ?» አለች። «ልጃገረድ ሳለሁ እንዳንቺ አፈርሁ። ባል አግብቼም አፈርሁ። ይችን ቃል ተአፌ ሳላወጣ አረጀሁ። ዛሬ ባንቺ አሳብቤ ለመንሁ።»

ክንዷን ይዤ ሄድን። እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። እቴቴ ገበያ ስትወጣ፣ ገፋ እንዴ፣ ስንት ወርሽ ነው ይሏታል፤ እሷም ወገቧን ይዛ ትንገዳገድላቸዋለች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን መስከረም ላይ ግሸን ስትወጣ ለእቴቴ ልጅ ተስላ፣ ጥላ አስገባለሁ ብላ መጣች። ቀልዷን ይሁን የምሯን እስካሁን አላውቅም።

ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደኛ ሲቃረብ ኒካችን በጥድፊያ ታሰረ፤ ሠርግ የለም፣ ዘፈን የለም። ብዙም ሳይቆይ ከአገር ሕዝብ ጋር ወደ ደሴ ሸሸን። ባጃጁ ነዳጅ ስላለቀበት ትተነው በእግር ነበርን። አቀበቱ ላይ እቴቴ ትንፋሽ ሲያጥራት ጎረቤታችን ለሚገፋን ሰው ሁሉ፣ እርጉዟን አሳልፏት እያለች ትጮሃለች። በዚያ ቀን የሳቅነው በዚች ብቻ ነው።

ስንመለስ ቤታችን ባዶውን ጠበቀን። ሰዉ የጠፋውን ዕቃ ሲቆጥር እኔ በየወሩ ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር። ባሌ አይጠይቀኝም፤ እኔም አለመጠየቁን እያየሁ እጨነቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ብዙ ወር ከኖርኩ በኋላ፣ ተስፋ ማድረግ ሲሰለቸኝ፣ አረገዝኩ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። በማግስቱ እነዚያ የወዳጃ እናቶች ከጎረቤታችን ጋር ገንፎ ይዘው ግር ብለው ገቡ። እኔ መደቡ ላይ ተኝቼ እጄን ብዘረጋ ማን ያየኛል? ሁሉም እኔን አልፈው ጥግ ላይ ልጄን ታቅፋ ወደተቀመጠችው እቴቴ ሄዱ። ዱዓ የሚመሩት እናት ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አራስን እንዲህ ነው የሚላት። እቴቴ ይህን ቃል ስንት ደጃፍ ገብታ ለሰው ብላለች። ለእሷ ያለ ግን አልነበረም። የሚቀልዱ መስሏት ሳቅ አለች፤ ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ማንም አይስቅም። ወደኔ ዞረች።

«ምን ተብሎ ነው የሚመለስ?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሚን በይ፣ እቴቴ» አልኳት።