የእናቴ እጅ የሄደበት ግድግዳ

በስደት በምኖርበት በጎረቤት አገር ከተማ፣ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት የተከራየሁት ለእናቴ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ከሥራ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ ስኖር ምንም አልጎደለብኝም ነበር። የእናቴ ዓይን እየደከመ ሲሄድና አዲስ አበባ ላይ አብሯት የሚሆን ሰው ሲጠፋ ግን አመጣኋት። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ክሬም ቀለም ተቀብቶ ገና ይሸት ነበር። ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚያከራየው ኬርቴከሩ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ "ሲስተር፣ ስትለቂም እንዲሁ ቀብተሽ ነው የምታስረክቢው" አለኝ። እዚህ አገር ደንቡ ነው።

እኔ ደግሞ በጽዳት ነገር ጨቅጫቃ ነኝ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ብርጭቆ ሳይታጠብ አይቀመጥም። እናቴ "አንቺ ቤት መቀመጥ ሆስፒታል እንደመተኛት ነው" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የምሠራው ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የጭነት መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ነው። ጠዋት ገብቼ እስከ ከሰዓት እተኛለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት እሷ ብቻዋን ናት። ስዋሂሊ አታውቅም፤ እኔን እንዳትቀሰቅስ ብላ ቴሌቪዥን እንኳ አትከፍትም። ታዲያ ስነቃ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ከበሩ ወዲያ "ነቃሽ እንዴ?" ትለኛለች። የጆሮዋ ነገር ይገርመኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የምትሄደው ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግድግዳው ላይ፣ በወገብ ከፍታ፣ ጠቆር ያለ መስመር ወጣ። አንድ ቀን ደክሞኝ ስገባ አየሁትና ግልፍ አለኝ።

"እማዬ፣ ምን አለ ይሄን ግድግዳ ባትነኪው? ነገ የምቀባው እኔ ነኝ እኮ።"

"ይቅርታ ልጄ፣ አላየሁትም" አለች።

እንዴት ልታየው ትችላለች። ከዚያ በኋላ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ እግሯን እየጎተተች መሄድ ጀመረች። ካልቸገራት በቀር ከክፍሏ አትወጣም። ስነቃ "ነቃሽ እንዴ?" የሚለኝ ድምፅም ቀረ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ዓመት አረፈች። ሁለት መኝታ ቤት ለአንድ ሰው ምን ያደርጋል፤ ልለቅ ነው ብዬ አሳወቅሁ። ኬርቴከሩ መጥቶ ስለ እናቴ ካጽናናኝ በኋላ መስመሩን አየው። "ይሄ ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ የእጅ ወዝ በአንዴ አይጠፋም" አለኝ።

ቀለሙን ይዤ ከክፍሏ በር ጀመርኩ። መስመሩን እስከ መጨረሻው ተከትዬ አይቼው ስለማላውቅ መታጠቢያ ቤቱ ጋ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። አልፎ ሄዶ የእኔ መኝታ ክፍል በር ላይ ደረሰ። እዚያ፣ ከመቃኑ አጠገብ፣ መዳፍ የሚያህል ጠቆር ያለ ቦታ ሆኗል። ለካ በየቀኑ እዚያ ተደግፋ ቆማ፣ እስክነቃ ትጠብቀኝ ነበር። መዳፌን እዚያው ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

አንድ ዙር ቀባሁ። ሲደርቅ ሌላው ጠፍቶ ያ ቦታ መልሶ ብቅ አለ። ብሩሹን ለኬርቴከሩ ሰጠሁትና ሁለተኛውን እሱ እንዲቀባልኝ ለመንኩት። እናቴን ከዚያ በር አንድ ጊዜ አባርሬያታለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።